የመኪና መቈጣጠሪያ ሣጥን ገቢውንና ወጪውን በማኅደሩ እንዴት እንደሚመዘግብ

ለመስኖ የሚሆን የውሃ ፓምፕ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ከሞተሩ ጎን በቍልፍ የሚዘጋ አንድ የብረት ሣጥን አብሮ ይመጣል። ሣጥኑ ሲከፈት፥ ከኮንታክተሩና ከብሬከሩ ሌላ፥ ከአንድ መካከለኛ መጽሐፍ የማይበልጥ፥ ትንንሽ መብራቶች በረድፍ የተደረደሩበት፥ ከላይና ከታች ብዙ ቀጫጭን ሽቦ የታሰረበት ዕቃ ይገኛል። ይህ ዕቃ ፒ.ኤል.ሲ. ይባላል፤ ይኸውም በተጻፈለት ፕሮግራም እየታዘዘ መኪናን የሚያዝ መቈጣጠሪያ ማለት ነው። በስኳርና በሲሚንቶ ፋብሪካ ያለው ትልቁም፥ በአንድ ጉድጓድ ራስ ላይ የሚቆመው ትንሹም፥ መጠናቸው ይለያይ እንጂ የአሠራራቸው ሥርዓት አንድ ነው።

የወረዳ ግብርና ሹም ኤሌክትሪሻን ይሁን ተብሎ አይጠየቅም። ነገር ግን ርክክቡን የሚፈርመው እርሱ ነው፤ ፓምፑ በቆመ ጊዜም ገበሬው የሚመጣው ሣጥኑን ወደ ሠራው ተቋራጭ ሳይሆን ወደ እርሱ ነው። በሚኤሶና በአሰቦት ቈላ ዝናቡ አጭርና የማይታመን ስለ ሆነ፥ በፓምፕ የሚጠጣ የሽንኩርት ወይም የቲማቲም ችግኝ በበጋ ፀሐይ ጥቂት ቀን ውሃ ቢያጣ የወራት ድካም ከንቱ ይሆናል። በጭሮ፥ በሂርናና በበዴሳ ዙሪያ ባለው ደጋና ወይናደጋም ጫትና አትክልት በመስኖ የሚያለማ ሰው አለ። የገለምሶና የመቻራ ቡና ግን በፀሐይ የሚደርቅ ስለ ሆነ ከዚህ ሣጥን ጋር ብዙ ጉዳይ የለውም፤ ፀሐይ ፕሮግራም አያሻትም።

ፓምፕ የሚቆመው ሞተር ስለ ተቃጠለ ብቻ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ሞተሩም ፓምፑም ሽቦውም ደኅና ሆኖ ሳለ፥ ጥፋቱ በመቈጣጠሪያው ማኅደር ውስጥ የአንዱ ነገር ስፍራ ለሌላው ተሰጥቶ መገኘቱ ነው። ይህን የሚያውቅ ሹም ባለሙያውን አጥብቆ ሊጠይቅ ይችላል። የማያውቅ ግን «ቦርዱ ተበላሽቷል፥ አዲስ ይገዛ» የተባለውን ሁሉ ይቀበላል፤ የሚከፈለውም የመንግሥትና የገበሬው ገንዘብ ነው።

ይህ መቈጣጠሪያ ከመፈጠሩ አስቀድሞ ፋብሪካዎች ይታዘዙ የነበሩት ሪሌ በሚባሉ፥ በኤሌክትሪክ ኀይል በሚከፈቱና በሚዘጉ ብዙ ማብሪያዎች ነበር። የሥራው አካሄድ ሲለወጥ ሽቦው ተፈትቶ እንደ ገና ይታሰር ነበር። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1968 ዓ.ም. የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ ሃይድራማቲክ የተባለው ክፍሉ ይህን የሪሌ ጫካ የሚተካ ዕቃ እንዲሠራለት ጠየቀ። ዲክ ሞርሊ የተባለው መሐንዲስና ባልደረቦቹም ሞዲኮን 084 የተባለውን ሠርተው በ1969 አቀረቡ፤ 084 መባሉም የድርጅታቸው ሰማንያ አራተኛ ሥራ በመሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ሽቦው እንደ ታሰረ ይቀርና የሚለወጠው ጽሕፈቱ ብቻ ሆነ። ይህ ትልቅ መቅለል ነው፤ ነገር ግን ሽቦ በዓይን ይታያል፥ በማኅደር ያለ ጽሕፈት ግን አይታይም። የዛሬው ችግር ሁሉ ከዚህ ይነሣል።

ማኅደሩ እንዴት እንደ ተከፋፈለ ለማስተዋል የመዝገብ ቤትን ሥራ ማሰብ ይበቃል። የጭሮ ከተማ አሰበ ተፈሪ ተብላ የጨርጨር አውራጃ ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመንም ሆነ፥ ዛሬ የምዕራብ ሐረርጌ ዞን መቀመጫ ሆና ሳለች፥ በመሥሪያ ቤቶቿ ገቢ ደብዳቤ በገቢ መዝገብ፥ ወጪ ደብዳቤ በወጪ መዝገብ በቍጥር ይጻፋል። መቈጣጠሪያውም እንዲሁ ነው። ከውጭ የሚመጣው ምልክት ሁሉ፥ ይኸውም የቍልፍ መጫን፥ የተንሳፋፊ ከፍና ዝቅ ማለት፥ የግፊትና የሙቀት ልክ፥ በገቢው መዝገብ ይሰፍራል። ወደ ውጭ የሚሄደው ትእዛዝ ሁሉ፥ ሞተር አስነሣ፥ ቫልቭ ክፈት፥ መብራት አብራ የሚለው፥ በወጪው መዝገብ ይሰፍራል። በሁለቱ መካከል ደግሞ ሦስተኛ መዝገብ አለ፤ እርሱም ከውጭ ያልመጣ ወደ ውጭም የማይሄድ፥ መቈጣጠሪያው ለራሱ ማስታወሻ የሚይዝበት ነው። ጸሐፊ በረቂቅ ወረቀቱ ላይ እንደሚደምረው ያለ ሥራ ነው።

የሥራው ተራ እንዲህ ይሄዳል። በመጀመሪያ መቈጣጠሪያው በደጅ የቆሙትን ምልክቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ ተመልክቶ ወደ ገቢ መዝገብ ይገለብጣል። ቀጥሎ ደጁን ዘግቶ፥ ወደ ውጭ ሳይመለከት፥ በገለበጠው ላይ ብቻ ተመሥርቶ ፕሮግራሙን ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ያነባል፤ ውሳኔውንም በወጪ መዝገብ ይጽፋል። ፕሮግራሙ ሲያልቅ በወጪ መዝገብ የተገኘውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይልካል። ከዚያም ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። በትንሽ ፕሮግራም ይህ ዙር ከሰከንድ መቶኛ እጅ ባነሰ ጊዜ ሊፈጸም ስለሚችል፥ ለሰው ዓይን ሁሉም በአንድነት የሚደረግ ይመስላል። ገቢው አስቀድሞ የሚገለበጥበት ምክንያት በአንድ ዙር ውስጥ አንዱ መስመር ጉድጓዱ ውሃ አለው ብሎ፥ ሌላው መስመር የለውም ብሎ እንዳይፈርድ ነው። በእርግጥ አንዳንዶቹ አዳዲስ መቈጣጠሪያዎች ገቢውን በዙሩ መካከልም ያድሳሉ፤ በእነርሱ ላይ የሚጽፍ ባለሙያ ግልባጩን ራሱ አስቀድሞ መያዝ ይኖርበታል።

ከዚህ ሥርዓት ሁለት ነገር ይከተላል። ሁለቱም በሥራ ላይ ብዙ ክርክር የሚያስነሡ ናቸው።

የመጀመሪያው፥ የኋለኛው ጽሕፈት የፊተኛውን ይሽራል። በፕሮግራሙ ዐሥራ ሁለተኛ መስመር «ፓምፑ ይነሣ» ተብሎ በወጪ መዝገብ ቢጻፍ፥ በሰማንያኛው መስመር ደግሞ ሌላ ሰው በሌላ ጊዜ ለዚያው ስፍራ «ይቁም» ብሎ ቢጨምር፥ ወደ ውጭ የሚወጣው የሰማንያኛው ብቻ ነው፤ የሚላከው ዙሩ ሲያልቅ በመዝገቡ የተገኘው ነውና። ማስነሻውን የሚጫነው ሠራተኛ ቍልፉ ተበላሽቷል ይላል፥ ቍልፉ ይለወጣል፥ አሁንም ፓምፑ አይነሣም። አንድ የወጪ ስፍራ በፕሮግራሙ ውስጥ በአንድ ስፍራ ብቻ ይጻፍ የሚለው የባለሙያዎች ልማድ የመጣው ከዚህ ነው።

ሁለተኛው፥ ከዙሩ ያጠረ ምልክት ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል። ተላላኪ በር ላይ ደርሶ ማንም ሳያየው ቢመለስ በገቢ መዝገብ አይጻፍም። የውሃ ቈጣሪ በሰከንድ 200 ምት ቢሰጥና መቈጣጠሪያው በሰከንድ 100 ጊዜ ብቻ ደጁን ቢመለከት፥ ከአራት ምት አንዱን እንኳ በቅጡ ለመቍጠር አይችልም። ማኅበሩ የውሃውን ዋጋ በቈጣሪ የሚያስከፍል ከሆነ ሒሳቡ ይጐድላል፥ የጐደለውም በጉድጓዱ ጠባቂ ላይ ይላከካል። ለእንዲህ ያለው ምት ፈጣን ቈጣሪ የተባለ፥ ከዙሩ ውጭ ለብቻው የሚቈጥር ገቢ በመኪናው ላይ አለ፤ ሽቦው ወደዚያ መታሰር አለበት።

አሁን ወደ መዝገቡ ገጾች ይገባል። ከስፍራዎች ሁሉ ትንሹ ቢት ይባላል፤ አንድ ወይም ዜሮ ብቻ ይይዛል። ስምንት ቢት አንድ ባይት፥ ሁለት ባይት ደግሞ አንድ ወርድ ይባላል። እያንዳንዱ ስፍራ በቍጥር ይጠራል፥ ይህም አድራሻ ነው። የጀርመኑ ሲመንስ ገቢውን አይ፥ ወጪውን ኪው፥ የውስጥ ማስታወሻውን ኤም በተባሉ የእንግሊዝኛ ፊደላት ይጠራል። አይ 0.3 ማለት በገቢ መዝገብ በዜሮ ቍጥር ባይት አራተኛው ቢት ነው፤ ቈጠራው ከአንድ ሳይሆን ከዜሮ ይጀምራልና። በአንድ ባይት ስምንት ቢት ብቻ ስላለ ከ0.7 ቀጥሎ 1.0 ይመጣል፤ 0.8 የሚባል የለም። በጀርመንኛ በተጻፈ ፕሮግራም ግን ገቢው በጀርመንኛ አጠራር ኤ፥ ወጪው አ በተባሉ ፊደላት ይጻፋል። ስለዚህ አንዱ ባለሙያ ለሌላው በስልክ «ኤ ዜሮ ነጥብ ሦስት» ቢለው፥ በጀርመንኛ የለመደው ገቢ ነው ብሎ ይሰማል፤ ያንኑ የወጪ ፊደል በእንግሊዝኛ አጠራር ኤ ብሎ የሚያነበው ግን ወጪ ነው ብሎ ይሰማል። አድራሻ በጽሑፍ እንጂ በቃል እንዳይተላለፍ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሌሎቹ ሠሪዎች በሌላ መንገድ ይቈጥራሉ። የጃፓኑ ሚትሱቢሺ ኤፍ.ኤክስ. የተባሉት ትንንሾቹ መቈጣጠሪያዎች ገቢውን ኤክስ፥ ወጪውን ዋይ ይሉና በስምንት ስምንት ይቈጥራሉ፤ ከኤክስ 7 ቀጥሎ ያለው ኤክስ 10 ነው። ዐሥራ ስድስት ገቢ ያለው መኪና የመጨረሻ ቍጥሩ 17 ይሆናል። በርክክብ ጊዜ ይህን የማያውቅ ቈጣሪ ስምንተኛውና ዘጠነኛው ገቢ ጐድሏል ብሎ በቃለ ጉባኤ ቢያስጽፍ አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ምንም የጐደለ የለም። የአሜሪካው አለን ብራድሌይ ደግሞ ፒ.ኤል.ሲ.-5 በተባለው መኪናው ማኅደሩን በፋይል በፋይል ከፍሎታል፤ 0 የወጪ፥ 1 የገቢ፥ 2 የመኪናው የራሱ ሁኔታ፥ 3 የቢት ማስታወሻ፥ 4 የሰዓት መለኪያ፥ 5 የቈጠራ፥ 7 የሙሉ ቍጥር፥ 8 ነጥብ ያለው ቍጥር ነው። በዚህኛው ወጪው ከገቢው ይቀድማል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1993 የወጣው፥ ዛሬ 61131-3 በተባለው ቍጥር የሚታወቀው ዓለም አቀፍ ደንብ አጻጻፉን አንድ ለማድረግ ደክሟል፤ አዳዲሶቹም መኪናዎች ከቍጥር ይልቅ እንደ «የጉድጓድ ተንሳፋፊ» ያለ ስም ለመስጠት ይፈቅዳሉ። ስም መስጠት እጅግ የተሻለ ነው። ሆኖም ከስሙ በታች ሽቦው የታሰረበት ስፍራ ያው አንድ ስፍራ ስለ ሆነ፥ ስሙና ስፍራው መስማማታቸውን ሰው ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ምሳሌ ይሆን ዘንድ በሚኤሶ ቈላ አንድ ጉድጓድ፥ በኮረብታ ላይ አንድ ማጠራቀሚያ፥ ከማጠራቀሚያው በታች ሁለት ማሳ አለ ተብሎ ይታሰብ። አይ 0.0 የማቆሚያ ቍልፍ፥ 0.1 የማስነሻ ቍልፍ፥ 0.2 በጉድጓዱ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ፥ 0.3 ሞተሩን ከመጋል የሚጠብቀው ኦቨርሎድ፥ 0.4 ማጠራቀሚያው መሙላቱን የሚናገረው ተንሳፋፊ ነው። ኪው 0.0 የፓምፑ ኮንታክተር፥ 0.1ና 0.2 የሁለቱ ማሳ ቫልቮች፥ 0.3 ቀይ መብራት ነው። ፕሮግራሙ ከሌሎቹ ጥንቃቄዎች ጋር እንዲህ ይላል፤ 0.2 አንድ ሲሆን፥ ማለት በጉድጓዱ ውሃ ሲኖር፥ 0.4ም ዜሮ ሲሆን፥ ማለት ማጠራቀሚያው ሳይሞላ፥ ፓምፑ ይነሣ።

አሁን ለጥገና የመጣ ሰው ሽቦ ሲፈታ የ0.2ንና የ0.4ን አለዋውጦ ቢያስር ምን ይሆናል? ጉድጓዱ ውሃ ሲኖረውና ማጠራቀሚያው ባዶ ሲሆን፥ ማለት ፓምፑ በሚፈለግበት ሰዓት፥ በ0.2 ስፍራ ዜሮ በ0.4 ስፍራ አንድ ይሰፍራል፤ መቈጣጠሪያውም «ጉድጓዱ ደርቋል፥ ማጠራቀሚያው ሞልቷል» ብሎ አንብቦ ፓምፑን ያስቆማል። ፓምፑ የሚነሣው በተቃራኒው፥ ጉድጓዱ ደርቆ ማጠራቀሚያው በሞላ ጊዜ ብቻ ነው። መብራቶቹ ይበራሉ፥ ፊዩዝ አልተቃጠለም፥ መኪናው የታዘዘውን በታማኝነት ይፈጽማል። ችግኙ ሲጠወልግ ያየ ሰው ትዕግሥቱ አልቆ ሁለቱን ገቢዎች በቁራጭ ሽቦ ዘልሎ ያስነሣው ይሆናል። ያን ጊዜ ፓምፑ ያለ ጠባቂ ቀረ ማለት ነው፤ ጉድጓዱ በደረቀ ቀን ያለ ውሃ ይሽከረከርና ይቃጠላል። የአድራሻ ዝርዝር ያለው ሹም ግን ሠራተኛውን «የጉድጓዱን ተንሳፋፊ በእጅህ አንሣ» ብሎ የትኛው መብራት እንደሚበራ ቢመለከት ጥፋቱን በጥቂት ደቂቃ ያገኘዋል።

ስለ 0.0 አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የማቆሚያ ቍልፍ ማንም ሳይነካው አንድ፥ ሲጫኑት ዜሮ እንዲሆን ሆኖ ይታሰራል። ለጀማሪ ግራ የሚያጋባ ነው፤ ሥርዓቱ ግን የታሰበበት ነው። አይጥ ሽቦውን ብትቈርጠው ገቢው ዜሮ ይሆንና መኪናው ይቆማል። በተቃራኒው ቢታሰር ኖሮ፥ ሽቦው መቈረጡ የሚታወቀው አደጋ በደረሰና ቍልፉ በተጫነ ጊዜ ነበር። ለሰው ሕይወት የተደረገ የአደጋ ማቆሚያም በመዝገብ ብቻ እንዲያልፍ አይተውም፤ የኮንታክተሩን ኀይል በቀጥታ በሽቦ መቍረጥ አለበት።

አዎና አይደለም ከሚለው ምልክት ሌላ የልክ ገቢ አለ፤ የማጠራቀሚያው ውሃ ስንት ሜትር ነው የሚለው ዐይነት። መለኪያው ይህን ከ4 እስከ 20 ሚሊ አምፔር በሆነ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይናገራል፤ 4 ባዶ፥ 20 ሙሉ ማለት ነው። ከዜሮ ያልተጀመረው ሽቦ ሲቈረጥ ፍሰቱ ዜሮ ስለሚሆን፥ ባዶ ማጠራቀሚያና የተቈረጠ ሽቦ እንዲለዩ ነው። በሲመንስ መኪና ይህ ልክ በአንድ ወርድ ውስጥ ከ0 እስከ 27648 በሆነ ቍጥር ይጻፋል። መለኪያው እስከ 10 ሜትር የሚለካ ከሆነ 13824 ማለት 5 ሜትር፥ 6912 ማለት 2 ሜትር ተኩል ነው። በመስኮቱ ላይ 6912 የሚል ቍጥር ያየ ሹም መኪናው አብዷል እንዳይል፤ ወደ ሜትር የሚመልሰው መስመር አልተጻፈም ማለት ብቻ ነው።

ቍጥር በቢት ስፍራ ሳይሆን በወርድ ስለሚያርፍ ሌላ ወጥመድ ያመጣል። በሲመንስ አሠራር ኤም ወርድ 0 ማለት ባይት 0ና ባይት 1 ነው። ኤም ወርድ 1 ደግሞ ባይት 1ና ባይት 2 ነው። ባይት 1 በሁለቱም ውስጥ አለች። አንዱ ጸሐፊ የጉድጓዱን ጥልቀት በወርድ 0፥ ሌላው የማጠራቀሚያውን ከፍታ በወርድ 1 ቢያኖር፥ አንዱ ሲጽፍ የሌላውን ግማሽ ይደመስሳል። ሁለት ሰው ድንበሩ ባልተከለለ መሬት ሲያርስ እንደሚሆነው ነው፤ እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ጥፋት የለበትም። ስለዚህ የወርድ አድራሻ በጥንድ ቍጥር፥ 0፥ 2፥ 4 እያለ ይሰጣል።

የወርድም አቅም ወሰን አለው። አሉታዊና አዎንታዊ ቍጥር የሚይዝ ወርድ ከ32767 በላይ አይዘልቅም። ፓምፑ የሠራበትን ጊዜ በሰከንድ ቈጥሮ በአንድ ወርድ የሚደምር ፕሮግራም ከ9 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ በኋላ ስፍራው ይሞላበታል፤ ቀጥሎ ያለው ሰከንድ ሲደመርም ቍጥሩ ተገልብጦ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። የነዳጅ ወይም የመብራት ሒሳብ በዚህ ቍጥር የሚሠራ ከሆነ የጠባቂው መዝገብና የመኪናው መዝገብ አይገናኙም፤ ሐሰተኛ የሚባለውም ሰውየው ይሆናል። ሁለት ወርድ ተጣምሮ ቢሰጠው ኖሮ ያው ቈጠራ ከ60 ዓመት በላይ በበቃ ነበር።

ልኩን ከሩቅ ሆኖ በጭሮ ወይም በገለምሶ ጽሕፈት ቤት ለማንበብ ሲፈለግ ደግሞ መዝገቡ በመልእክት ይላካል። ለዚህ የሚያገለግለው እጅግ የተለመደው ቋንቋ ሞድባስ ነው፤ ሞዲኮን በ1979 ያወጣው ሲሆን እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ሞድባስ ማኅደሩን በአራት ሰሌዳ ይከፍላል፤ ከ0 የሚጀምሩት የወጪ ቢቶች፥ ከ1 የሚጀምሩት የገቢ ቢቶች፥ ከ3 የሚጀምሩት የገቢ ወርዶች፥ ከ4 የሚጀምሩት ሊነበቡም ሊጻፉም የሚችሉ ወርዶች ናቸው። በወረቀት ላይ የመጀመሪያው ስፍራ 40001 ይባላል፤ በሽቦ ላይ ሲላክ ግን ይኸው ስፍራ 0 ተብሎ ይጠራል። አንዱ ሠሪ በወረቀቱ ቍጥር ሌላው በሽቦው ቍጥር ዝርዝሩን ቢያዘጋጅ፥ ጽሕፈት ቤቱ የጠየቀውን ትቶ የጎረቤቱን ስፍራ ያነባል። የማጠራቀሚያው ውሃ 5 ሜትር ነው ተብሎ የሚነበበው ምናልባት የጉድጓዱ ይሆናል። ክፉው ነገር ቍጥሩ የማይመስል አለመሆኑ ነው፤ የሚመስል ሐሰት ከማይመስል ሐሰት ይልቅ ብዙ ጊዜ ይኖራል።

የባይቱም ቅደም ተከተል በሠሪዎች ዘንድ አንድ አይደለም። በአንድ ወርድ ካሉት ሁለት ባይቶች አንዱ ሠሪ ትልቁን፥ ሌላው ትንሹን ያስቀድማል። 258 ተብሎ የተጻፈው በተቃራኒ ሲነበብ 513 ይሆናል። ቀን ከወር አስቀድሞ በሚጻፍበት አገር 3/7 ያለውን፥ ወር የሚያስቀድም አገር ሰው ሲያነበው እንደሚሳሳተው ነው። ከሚኤሶ የሚያልፈው፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2016 የተመረቀው የአዲስ አበባና የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር፥ ከሰበታ እስከ ሚኤሶ ያለው በአንድ፥ ከሚኤሶ እስከ ደወሌ ያለው በሌላ የቻይና ድርጅት ተሠርቷል፤ ሁለት ሠሪዎች በሚገናኙበት ስፍራ ሁሉ ሐዲዱ ብቻ ሳይሆን ቍጥሩም መገናኘት አለበት። በአንድ ትንሽ መስኖም ፓምፑን አንዱ፥ የማጠራቀሚያውን መለኪያ ሌላው ሲያስገባ ጥያቄው ያው ነው።

በመጨረሻም መብራት ሲጠፋ ማኅደሩ ምን ያስታውሳል የሚለው አለ። ከማስታወሻው ስፍራ ከፊሉ ኀይል ሲቋረጥ ይጠፋል፥ ከፊሉ እንዲቈይ ተብሎ ይለያል። የፓምፑ የሥራ ሰዓት ድምር መቈየት አለበት፤ መብራት በጠፋ ቍጥር ከዜሮ የሚጀምር ድምር አይጠቅምም። «ፓምፑ በሥራ ላይ ነው» የሚለው ቢት ግን እንዲቈይ ከተደረገ አደገኛ ይሆናል። መብራት ጠፍቶ ሳለ ጠባቂው ፓምፑን ለማጽዳት ከፍቶ እጁን ቢያስገባ፥ መብራቱ ሲመለስ መቈጣጠሪያው ያስታወሰውን ይፈጽማል፤ ሰው መኖሩን የሚያውቅበት ገቢ የለውም። ስለዚህ ይህ ቢት የሚጠፋ እንዲሆን፥ ፓምፑም ከመብራት መመለስ በኋላ በሰው እጅ ብቻ እንዲነሣ በውል ይጻፍ። በፀሐይ ኀይል የሚሠሩት ፓምፖች ማለዳ በራሳቸው የሚነሡ ስለ ሆነ ይህ ደንብ እንዳለ አይሠራላቸውም፤ ለእነርሱ ጥገና ከመጀመሩ በፊት ዋናው ማብሪያ ተቈርጦ በቍልፍ ይዘጋ፥ ቍልፉም በሚጠግነው ሰው ኪስ ይሁን።

ርክክብ ሲደረግ ከተቋራጩ የሚጠየቀው ወረቀት ብዙ አይደለም። የአድራሻው ሙሉ ዝርዝር ይምጣ፤ በእርሱም እያንዳንዱ ገቢና ወጪ ስሙ፥ ቍጥሩ፥ የሽቦው ምልክት፥ አንድ ሲሆን ምን ማለት እንደ ሆነ፥ የልክ ገቢ ከሆነም ከስንት እስከ ስንት እንደሚለካ ይጻፍ። የፕሮግራሙ ግልባጭ ከነማብራሪያው ይምጣ፤ የይለፍ ቃል ካለበትም ታሽጎ ይሰጥ። ፕሮግራሙ በተቋራጩ ላፕቶፕ ብቻ የቀረ መኪና ገና አልተረከበም። አንዱ ግልባጭ በሣጥኑ መዝጊያ ውስጠኛ ፊት ይለጠፍ፥ ሁለተኛው በወረዳው መዝገብ ቤት በቍጥር ይያዝ፥ ሦስተኛው ወደ ዞኑ ይላክ። ሽቦ ወይም መስመር በተለወጠ ቀን ሦስቱም ይታረሙ፤ ያልታረመ ዝርዝር ከሌለው ዝርዝር ይልቅ ያሳስታልና።

ከፊርማው በፊት ደግሞ ዝርዝሩ ተይዞ በሣጥኑ ፊት ይቆም። አንድ ሰው ወደ ጉድጓዱ፥ አንዱ ወደ ማጠራቀሚያው ይሂድ። የሞተሩ ኀይል ተቈርጦ፥ የመቈጣጠሪያው ብቻ በርቶ፥ እያንዳንዱ ተንሳፋፊ በእጅ ይነሣ፥ እያንዳንዱ ቍልፍ ይጫን፤ በዝርዝሩ የተባለው መብራት ሲበራ ወይም ሲጠፋ በአጠገቡ ምልክት ይደረግ። የልክ መለኪያው ሽቦ ለአፍታ ይፈታና መቈጣጠሪያው ባዶ ነው ይበል ወይስ ሽቦ ተቈርጧል ይበል ይታይ። ከዚያ በኋላ ኀይሉ ተመልሶ ፓምፑ ይነሣ፥ በመሥራት ላይ ሳለም ዋናው ማብሪያ ተቈርጦ እንደ ገና ይመለስ፤ በራሱ ቢነሣ አይፈረም።